አፍንጫ ቀድሞ ሲረሳ

አልዛይመር አእምሮን ማጥቃት ሲጀምር አስቀድመው ከሚጎዱት ቦታዎች መካከል ሽታን የምንለይባቸው ይገኙበታል። በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ሥር በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ለውጥ ከሐኪም ቤት ይልቅ ጓዳ ውስጥ ቀድሞ ይታያል። አይተን የምናልፈው ግን ይበዛል።

የሾላ ገበያ ቅመም ተራ በዓል ሲቃረብ ዐይን ተጨፍኖም ይታወቃል። መግቢያው ላይ የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳል። ጥቂት ገባ ሲሉ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይቀበላሉ፤ ቀጥሎ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድምብላል፣ ኮሰረት። ቅቤው ዘንድ ሲደረስ አየሩ ራሱ ይከብዳል። ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ትነካና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ዋጋ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለጋ ይሁን መካከለኛ፣ በሳል ይሁን የተበላሸ ሚዛኑ አይነግራትም። ኮረሪማውም ተፈልቅቆ፣ በጣት ታሽቶ፣ ተሽትቶ ነው የሚገዛው።

ይህን ሙያ ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ቆማ የቅቤው ቅመም የሚገባበትን ሰዓት፣ የሊጡን መኩፋት፣ የጥንስሱን መድረስ በአፍንጫዋ ትማራለች። ባልትና ከምንለው ትልቅ ዕውቀት ግማሹ የማሽተት ዕውቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቅመም ነጋዴዎች ጋር ጨዋታ ሲጀመር አንድ ዐይነት ታሪክ ይደጋገማል። ኮረሪማ በመምረጥ የማይታሙ እናት አንድ ቀን ይመጡና «የዘንድሮው ቅመማችሁ ሽታ የለውም» ይላሉ። ነጋዴዋ ከሌላ ጆንያ ታወጣለች፤ እሱንም አይወዱትም። ከጎን የቆመች ሌላ ገዢ ታሸተዋለች፤ ሽታው እንደ ሁልጊዜው ነው። ነገሩ በሣቅ ወይም በትንሽ ቅሬታ ይታለፋል። ጊዜ አልፎ እኒያው እናት የገዙትን መልሰው ሲገዙ፣ ሒሳብ ሲምታታባቸው፣ በኋላም ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ስታመጣቸው ነጋዴዋ የዚያን ቀኑን ንግግር ታስታውሳለች።

እንዲህ ያለ ወሬ ብቻውን የሕክምና ማስረጃ አይሆንም። ሳይንስ ላለፉት አርባ ዓመታት ሲያጠናው የቆየው ነገር ግን ከዚህ የገበያ ትዝብት ብዙም አይርቅም። ሽታን መለየት አለመቻል በበርካታ ሰዎች ላይ ከመርሳቱ ቀድሞ ይመጣል። ምክንያቱን ለማወቅ አፍንጫና አእምሮ የሚገናኙበትን መንገድ መከተል ይገባል።

አጭሩ መንገድ

በአፍንጫ ውስጠኛው ጣሪያ ላይ ከጥቂት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች ጫፋቸውን ወደ አየሩ አውጥተው ይቀመጣሉ። ከውጭው ዓለም ጋር እንዲህ በግልጽ የሚገናኝ ሌላ የአእምሮ ነርቭ የለም ማለት ይቻላል። ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህ ሴሎች ሽታ የሚይዙባቸውን ተቀባዮች የሚሠሩ ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረጉ፤ በ2004 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። የሰው ልጅ አራት መቶ ያህል ዐይነት ተቀባዮች አሉት። የተቆላ ቡና ከ800 በላይ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት ይታወቃል። አፍንጫችን ያን ሁሉ አጣምሮ «ቡና ነው» የሚለው ከተቀባዮቹ መካከል የትኞቹ አብረው እንደ ተነሡ በማንበብ ነው።

የሴሎቹ ክሮች ወንፊት በሚመስለው የራስ ቅል አጥንት ቀዳዳዎች ሾልከው ከግንባር በስተኋላ ካሉ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ይደርሳሉ። እነዚህ የማሽተቻ ጉብታዎች መልእክቱን አደራጅተው ወደ ውስጥ ይልካሉ። የምናየው፣ የምንሰማውና የምንዳስሰው ነገር ወደ አእምሮ ቅርፊት ከመግባቱ በፊት ታላመስ በተባለው ማዕከላዊ ክፍል ደጅ ይጠናል። ሽታ ግን እንደ ቤተ ዘመድ በጓሮ በር ይገባል። ከጉብታዎቹ በቀጥታ ስሜትን ወደሚያስተናግደው አሚግዳላ፣ ሽታን ወደሚለየው ቅርፊትና ወደ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ይደርሳል። ከኢንቶራይናል ኮርቴክስ ቀጥሎ ያለው ሂፖካምፐስ ነው፤ አዲስ ትዝታ የሚቋጠርበት ቦታ።

ለዚህ ነው የዕጣን ሽታ አንዳችን ሳንናገር የሟች አያታችንን ቤት የሚያስታውሰን። ለዚህም ነው በሽታው የትዝታን ሰፈር ሲይዝ የሽታን ሰፈር አብሮ የሚይዘው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው።

> የሽታና የትዝታ ሰፈር አንድ አካባቢ ነው፤ በሽታው አንዱን ሲነካ ሌላው አይተርፍም።

እሳቱ የሚነሣበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በጀርመን ፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር ነበር። ስሟን ስትጽፍ መሐል ላይ ይጠፋባት፣ የበላችውን ምግብ ስም ወዲያው ትረሳው ነበር። በ1906 ስታርፍ አልዛይመር አእምሮዋን በማይክሮስኮፕ መረመረና ሁለት ነገር አየ፤ በሴሎቹ መካከል የተከማቸ ቆሻሻና በሴሎቹ ውስጥ የተወሳሰበ ክር። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ ቤታ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚመጡ ይታወቃል። አሚሎይዱ ሰውየው መርሳት ከመጀመሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ሊከማች ይችላል።

ሃይኮ ብራክ እና ኤፋ ብራክ የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት የብዙ ሟቾችን አእምሮ መርምረው የታው ክሮች የሚስፋፉበትን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙ። ከአእምሮ ቅርፊት ቀድሞ የሚያዘው ከላይ የጠቀስነው ኢንቶራይናል ኮርቴክስና ዳርቻው ነው። ከዚያ ወደ ሂፖካምፐስ ይሻገራል፤ ቋንቋንና ዳኝነትን ወደሚይዙት ሰፋፊ ክፍሎች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በማሽተቻ ጉብታዎቹም ውስጥ ሁለቱም ፕሮቲኖች ተገኝተዋል።

ነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ በሙኒክ ያሉ ተመራማሪዎች ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሥራ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አሳይቷል። በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባል ትንሽ የሴሎች ክምችት አለች። ንቃታችንን የሚቆጣጠረውን ኖርአድሬናሊን የምትረጨው እሷ ናት፤ ረዣዥም ክሮቿም እስከ ማሽተቻ ጉብታዎቹ ይዘልቃሉ። በበሽታው መጀመሪያ ላይ እነዚህ ክሮች ከመጠን በላይ ይቀሰቀሱና በውስጠኛው ገጻቸው መኖር የነበረበት የስብ ዐይነት ወደ ውጭ ይገለበጣል። ይህ ለአእምሮ የመከላከያ ሴሎች «እዚህ የሚወገድ ነገር አለ» የሚል ምልክት ነው። ማይክሮግሊያ የሚባሉት እነዚህ ሴሎች ይመጡና ክሮቹን ይበሏቸዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን በአይጦች ላይ አይተው በሟቾች የአእምሮ ናሙናና በሕሙማን የራስ ምርመራ ምስል አጠናክረውታል።

እንግዲህ የአፍንጫው መድከም አፍንጫው ውስጥ የተፈጠረ ችግር አይደለም። ሽታው በአፍንጫ ገብቷል፤ የሚያውቀው ጠፍቷል። ብዙዎቹ ሕሙማን በመጀመሪያው ደረጃ «አንድ ነገር ይሸተኛል» ማለት አያቅታቸውም። የሚያቅታቸው ምን እንደሆነ መናገር፣ አንዱን ከሌላው መለየት፣ ቅድም ያሸተቱትን ማስታወስ ነው። የሽታው ጥንካሬ ራሱ የሚጠፋው በሽታው እየገፋ ሲሄድ ነው።

ኮተቤ፣ ከምሳ በፊት

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አያት ጓዳ አይለቁም። ወጡን የሚሠሩት ሠራተኛዋ ወይም ምራታቸው ቢሆኑም «ቅመሙ ገብቷል?» ብለው ክዳን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የአፍንጫቸው መድከም የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

ወላጅ የሚያስታምሙ ልጆች የሚናገሩት ምልክት ይመሳሰላል። ቅቤው ሲነጠር አርሮ ጭሱ ሳሎን ደርሶ እናት ከጎኑ ተቀምጠው አልተሰማቸውም። ፍሪጅ ውስጥ የሻገተ ወጥ አሙቀው በልተዋል። ወጡ ላይ ጨውና በርበሬ እየጨመሩ «አልጣፈጠም» ይላሉ፤ የምንቀምሰው ጣዕም አብዛኛው በማሽተት የሚመጣ በመሆኑ ምላሳቸው ደህና ሆኖ ምግቡ ይሞትባቸዋል። ቀስ በቀስ ፍላጎታቸው ይዘጋል፤ ይከሳሉ። ሁልጊዜ ንጹሕ የነበሩ ሰው ልብሳቸው መሽተቱን አያውቁም። ቡና ሲቆላ ጭሱ ሲዞርላቸው በልማድ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነበብም።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ምራት «እማማ ዘንድሮ አስቸገሩ፤ የሠራሁት ሁሉ አይጥማቸውም» ትላለች። ልጅ «ቸልተኛ ሆነዋል» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ዕድሜ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። በዚህ መካከል የተከፈተ የቡታጋዝ ሲሊንደርና የሚያር ድስት አብረዋቸው ያድራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ባለቤቶቹ ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። ዐይኑ የደከመ ሰው መርፌው ውስጥ ክር አልገባ ሲለው ያውቃል። አፍንጫው ቀስ እያለ የደከመ ሰው ግን «ዓለሙ ሽታ አጣ» እንጂ «እኔ ማሽተት አቃተኝ» አይልም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ያተኮረው እዚህ ላይ ነበር። ቀላል የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል ሽታ መለየት አቅቷቸው ሳለ «አፍንጫዬ ደህና ነው» ያሉት በኋላ ወደ አልዛይመር የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

> «ቅመማችሁ ሽታ የለውም» የሚሉ እናት ነጋዴዋን መክሰሳቸው ሳይሆን ያለባቸውን መናገራቸው ሊሆን ይችላል።

ኮቪድ ያስተማረንና ያላስተማረን

ማሽተት አለመቻልን አገሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያወራበት ዘመን ሩቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፣ ለሕክምናው ቀድሞ የተመደበው እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ነጭ ሽንኩርት እያሸተተ ራሱን ይመረምር ጀመር። ሽታ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ሲጠፋም ምግብ ጭድ እንደሚሆን ያኔ ተማርን።

ሽታ የሚጠፋው በብዙ ምክንያት መሆኑን ግን ከዚያ ትምህርት አልወሰድንም። ኮቪድ አፍንጫን የሚያጠቃው በድንገት ነው፤ ታማሚው ወዲያው ያውቀዋል፤ አብዛኛው ሰውም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለስለታል። ሳይነስ፣ የአፍንጫ ውስጥ እብጠት፣ የመኪና አደጋ ላይ የደረሰ የራስ ምት፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሽታን ይቀንሳሉ። በፓርኪንሰን ሕመም ላይ ደግሞ የሽታ መጥፋት እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ሊመጣ ይችላል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ጤነኞችም ብዙዎቹ እንደ ወጣትነታቸው አያሸቱም።

ስለዚህ ማንም ሰው ኮረሪማ አልሸተተኝም ብሎ አልዛይመር ያዘኝ ብሎ መደንገጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የኦቾሎኒ ቅቤ ወደ ግራና ቀኝ አፍንጫ በማስጠጋት በሽታውን መለየት ይቻላል የሚል ጥናት ወጥቶ በዓለም ተናኘ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ውጤቱ አልተገኘም። በእጅ ስልክ የሚዘዋወሩ እንዲህ ያሉ የቤት ውስጥ ምርመራዎች ሰውን ከማስጨነቅ ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

አደራረጉን ማየት ነው የሚሻለው። ድንገት ጠፋ ወይስ ቀስ በቀስ? ታማሚው ያውቀዋል ወይስ ሌላው ብቻ ነው ያየው? ከሽታው ጋር ቀን መርሳት፣ ቃል መጥፋት፣ የለመዱትን መንገድ መሳት፣ ተመሳሳይ ጥያቄ መደጋገም አለ? የእነዚህ መልሶች ሲደመሩ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው።

የእንጦጦ ጭስ

ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለው ዳገት ጠዋት ጠዋት ሁለት ዐይነት ሰው ያስተናግዳል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለመናፈስ የሚወጣ ነው። ሌላው ከላይ የሚወርደው ነው፤ ወገባቸው ወደ መሬት አጎንብሶ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች። የሸክሙ ክብደት ከአንዳንዶቹ ሰውነት አይተናነስም።

ባሕር ዛፉ ራሱ የከተማዋ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶ አለቀ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራዋ በቅጠሉ ተጋገረ።

የዚያ ጭስ ዋጋ አልተከፈለም ማለት አይቻልም። ዛሬ በርካታ ቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ብዙዎች ወደ እንጨትና ከሰል ይመለሳሉ፤ በዳገቱ ላይ ባሉ መንደሮች ደግሞ ጭሱ የየዕለቱ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ሊቀነሱ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል፤ የአየር ብክለት አንዱ ነው። ሌሎቹም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ያልታከመ የጆሮ ድካም፣ ያልታከመ የዐይን ችግር፣ በልጅነት ትምህርት አለማግኘት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የራስ ጉዳት፣ መጠጥና ሲጋራ ይገኙበታል። ጉባኤው እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ከሚከሰተው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሎ ይገምታል።

ጭስ ደግሞ አፍንጫንም በቀጥታ ይጎዳል። ወደ አየሩ ወጥተው የተቀመጡት የማሽተት ሴሎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይታደሳሉ፤ ሽፋኑ በየቀኑ የሚቆጣ ከሆነ ግን ዕድሳቱ ይዳከማል። ስለዚህ ዕድሜዋን በጭስ ቤት ያሳለፈች እናት ማሽተት ስታቆም ምክንያቱን ለመለየት ለሐኪምም ይከብዳል። ይህም ጭሱን ለመቀነስ ተጨማሪ ምክንያት ነው። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ የተከፈተ መስኮት፣ ከቤት ውጭ የሚቀጣጠል ከሰል ለሳንባ ብቻ የሚደረጉ አይደሉም።

የዚያው ዛፍ ቅጠል በሌላ በኩል ለአፍንጫ ሕክምና ገብቷል። በጀርመን ድሬስደን የሚገኘው ቶማስ ሁመል እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ባስተዋወቀው የማሽተት ልምምድ ሽታ የቀነሰባቸው ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ አራት ሽታዎችን በጥሞና ያሸታሉ። አራቱ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ ናቸው። በቫይረስ ምክንያት ሽታ ያጡ ብዙ ሰዎች ተጠቅመውበታል። አልዛይመርን ያድናል የሚል ማረጋገጫ ግን የለውም።

የዱባ ኬክ ወይስ ጤና አዳም?

በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የማሽተት ፈተና በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ ዶቲ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ነው። አርባ ሽታ የተቀባባቸው ወረቀቶች አሉት። ተፈታኙ ይፍቃል፣ ያሸታል፣ ከአራት አማራጭ አንዱን ይመርጣል። ከሽታዎቹ መካከል አሜሪካውያን በበዓላቸው የሚበሉት የዱባ ኬክና ሩት ቢር የተባለው ለስላሳ መጠጥ ይገኛሉ።

ይህን ወረቀት የካ ሚካኤል አጠገብ ላደጉ የሰባ አምስት ዓመት እናት ብንሰጣቸው ብዙውን ይስታሉ። የሳቱት አእምሯቸው ስለታመመ ሳይሆን የዱባ ኬክ በልተው ስለማያውቁ ነው። ጃፓናውያን ይህን ተረድተው በቀለም መጻፊያቸው፣ በአገራቸው ጽድና በመንደሪናቸው ሽታ የራሳቸውን ፈተና ሠርተዋል። ሌሎች አገሮችም ነባሩን ለራሳቸው አስማምተዋል።

ለእኛ ዕቃው ሁሉ ሾላ ገበያ ውስጥ አለ። ቡና፣ ዕጣን፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ጌሾ፣ አሪቲ። መጻፍና ማንበብ የማይጠይቅ፣ በቃል የሚመለስ፣ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የማያስቸግር ፈተና ከእነዚህ መሥራት ይቻላል። ሥራው ግን ቅመም በጠርሙስ ከመደርደር የበለጠ ነው። የሽታዎቹን መጠን እኩል ማድረግ፣ በመጀመሪያ በብዙ ጤነኛ አረጋውያን ላይ መሞከር፣ የደጋውንና የቆላውን፣ የወንዱንና የሴቱን ልዩነት ማወቅ ይፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ ጓዳ ገብቶ የማያውቅ አባወራ ኮሰረትን ከበሶብላ አለመለየቱ በሽታ አይደለም።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በተለይ ለእኛ የሚጠቅመው ሌሎቹ ውድ ስለሆኑ ነው። አሚሎይድን የሚያሳይ የራስ ምስልም ሆነ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይደረስ ነው። በወረቀት የሚደረጉት የማስታወስ ፈተናዎችም ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ታስቦ የተዘጋጁ ናቸው። ማሽተት ግን የተማረውም ያልተማረውም ያለው ዕውቀት ነው።

> ፊደል ላልቆጠረ አረጋዊ የሚመጥን ምርመራ የሚሠራበት ዕቃ በየቤታችን የቅመም ዕቃ ውስጥ አለ።

ጸበልና ሐኪም ቤት

እንጦጦ ማርያም ጸበል ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። ከሚመጡት መካከል የሚረሱ፣ ሌሊት ተነሥተው ከቤት የሚወጡ፣ የልጃቸውን ፊት የሚያጡ ወላጆች አሉ። ወላጁን ያመጣ ልጅ ሐኪም ቤት ያልሄደው ብዙ ጊዜ ንቆ ሳይሆን ሕመም መሆኑን ስላላወቀ ነው። ለመንፈስ የሆነ ነገር ወደ ካህን፣ ለዕድሜ የሆነ ነገር ወደ ዝምታ ይወሰዳል። ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ የሚሉ ካህናት አሉ፤ ሐኪሞችም ይህን ቃል ከካህን አፍ መስማት ከብዙ በራሪ ወረቀት እንደሚበልጥ ይናገራሉ።

ሐኪም ጋር መሄድ የሚጠቅመው መዳን የሌለው ነገር ለመስማት አይደለም። መርሳት የሚመስሉ፣ ሲታከሙ የሚሻሉ ብዙ ነገሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ ኢንፌክሽን፣ እርስ በርስ የሚጋጩ መድኃኒቶች፣ የደከመ ጆሮ፣ ሞራ የሸፈነው ዐይን በተራ ምርመራ ይታወቃሉ። አልዛይመር ሆኖ ከተገኘም ምልክቱን ለጊዜው የሚያቃልሉ እንደ ዶኔፔዚል ያሉ ክኒኖች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአሜሪካ የጸደቁት ሌካኔማብና ዶናኔማብ አሚሎይዱን ያጸዳሉ፤ የሚያዘገዩት ግን በመጠኑ ነው፤ የሚሠሩት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብቻ ነው፤ በአብዛኛው በደም ሥር የሚሰጡና ተደጋጋሚ የራስ ምስል የሚጠይቁ በመሆናቸውም ለጊዜው ከእኛ ርቀው ነው ያሉት። አንድ ነገር ግን ያስተምራሉ። ነገ የሚመጣው መድኃኒት የሚጠቅመው ቀድሞ ለታወቀ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚኖሩ፣ ከእነሱም ከ60 በመቶ በላይ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሆኑ ይገልጻል። አገራችን የወጣት አገር ናት ስንል ሽማግሌዎቻችን አብረው እየበዙ መሆናቸውን እንዘነጋለን። የነርቭ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። ረዳት ያጡትን የሚሰበስቡ እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከሎች የሚደርሱት ለጥቂቱ ነው። የቀረው ሸክም በሙሉ በየቤቱ፣ በአብዛኛውም በሴት ልጅ ትከሻ ላይ ነው።

አፍንጫ ማዋስ

ሕመሙ በታወቀ ማግሥት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው እናትን ከጓዳ ማስወጣት ነው። ምድጃው ይቆለፋል፤ ጀበናው ከእጃቸው ይወሰዳል። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ጋዝ የማይሸታቸውን ሰው ከእሳት ጋር ብቻቸውን መተው አይቻልም። ሆኖም ሃምሳ ዓመት ቤቱን በአፍንጫቸውና በእጃቸው የመሩ ሰው በአንድ ቀን እንግዳ ሲሆኑ የሚወድቁት ከበሽታው በፈጠነ ሁኔታ ነው። ብቸኝነት ራሱ ለበሽታው ከሚያጋልጡት አንዱ መሆኑን ደግሞ አይተናል።

የሚሻለው ከጎናቸው ቆሞ ማሽተት ነው። ቡናውን እሳቸው ይቁሉ፤ «ደርሷል እማዬ» የሚል ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ። ቅቤው ሲነጠር ቅመሙን እሳቸው ይለኩ፤ እሳቱን ሌላ ሰው ይጠብቅ። የቡታጋዙ ማዞሪያ ማታ ማታ በሌላ እጅ ይዘጋ። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ምግብ በየሁለት ቀኑ ይታይ። ምግቡ ካልጣማቸው ጨው ከመጨመር ይልቅ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ነገር ይቀርብላቸው፤ ምላስና ጥርስ የሚያውቁት ስሜት ከሽታ ይቆያል። የወቀጣው ድምፅ፣ የጎረቤቶች ጨዋታ፣ የሦስተኛው ስኒ ምርቃት ሽታ አይጠይቁም።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ ልጆች ከደም ግፊቱና ከስኳሩ ጋር ይህንንም ይናገሩ። ከመቼ ጀምሮ ምግብ አልጣማቸውም? ምን አረረባቸው? ቡናው ይሸታቸዋል? ይህ መረጃ ያለው ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው በየትኛውም መሣሪያ አያገኘውም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ሆስፒታሎቻችንም በአገራችን ሽታ የተሠራ ፈተና ለማዘጋጀት ከሌላ አገር የሚጠብቁት ነገር የለም፤ ቅመሙም፣ አፍንጫ አዋቂ እናቶቹም፣ ባለሙያዎቹም እዚሁ ናቸው። «ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ለብዙ ወላጆቻችን መታከም የሚችሉበትን፣ ስለ ንብረታቸውና ስለ ኑሯቸው በራሳቸው አንደበት መወሰን የሚችሉበትን ጊዜ አሳልፎባቸዋል። ያን ጊዜ ልንመልስላቸው የምንችለው ቅመሙ ሽታ የለውም ሲሉ «ለምን?» ብለን በመጠየቅ ነው።